በስዊድን አየር ኃይል እስከ ከፍተኛ መኮንንነት፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

ስዊድን ያደጉ ልጆቻችን አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው የውትድርና መጠይቅ ይደርሳቸዋል። ከመካከላቸው አየር ኃይሉን የሚመርጡ አሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ግዳጃቸውን ጨርሰው መውጣት አይበቃቸውም። መኮንን ሆነው መቀጠል፣ ከተቻለም ኮሎኔልና ጄኔራል መድረስ ያምራቸዋል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ወላጅ የሚያውቀው አብራሪነትን ብቻ ነው፣ የምልመላ ማስታወቂያው ሁሉንም ሙያ እኩል ያሞግሳል፣ ልጁም አንዱን ከሌላው የሚለይበት ሚዛን ያጣል።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ቢሾፍቱ ላይ እንደገና ሲቋቋም አሠልጣኞቹ ስዊድናውያን ነበሩ፤ የመራቸውም ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ነው። ያኔ የገዛናቸው ሳብ 17 አውሮፕላኖችም የስዊድን ሥራ ናቸው። በ1961 ደግሞ ኮንጎ ላይ፣ በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር፣ የስዊድን ጄ 29 ጄቶችና የእኛ ኤፍ 86 ሴበሮች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እስከ ሻለቃነት የሚያወጣችሁ ሙያችሁ ነው። ከሻለቃ በላይ ግን የሚያወጣችሁ ትምህርት፣ የስታፍ ሥራ (ከአዛዦች ጎን የሚሠራ የዕቅድና የቢሮ ሥራ) እና ከከተማ ከተማ ለመዘዋወር ያላችሁ ፈቃደኝነት ነው። ስለዚህ ሙያውን ስትመርጡ «ጄኔራል የሚያደርገኝ የቱ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። «አሥራ አምስት ዓመት ሳይሰለቸኝ የምሠራው የቱ ነው?» ብሎ መጀመር ይሻላል።

መሰላሉ እንዴት ነው የቆመው?

መሰላሉ ሁለት ነው። አንዱ የመኮንን፣ ሌላው የስፔሻሊስት መኮንን።

የመኮንኑ መንገድ በግዳጅ ውትድርና ይጀምራል። እሱ እንደየምድቡ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ወር ይፈጃል። ቀጥሎ ኦፊሴርስፕሮግራሜት የሚባለው የ3 ዓመት ትምህርት አለ፤ ማዕከሉ ስቶክሆልም ያለው ካርልበርግ ነው፣ ከ1792 ጀምሮ መኮንን ሲያፈራ የኖረ ቤት። የሚጨርስ ሰው ዲግሪና የፌንሪክ ማዕረግ ይይዛል፤ በእኛ ምክትል መቶ አለቃ እንደማለት ነው። ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለው ሰው ደግሞ አጠር ያለ፣ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ የሚወስድ ልዩ የመኮንን ሥልጠና አለለት። ይህን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም። ልጃችሁ ኢንጂነሪንግ ጨርሶ ሐሳቡን ቢቀይር በሩ አልተዘጋበትም ማለት ነው።

ከዚያ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ እያለ ይሄዳል። ሻለቃ ላይ ትልቁ በር ይመጣል። ስቶክሆልም ባለው የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ የ2 ዓመት ከፍተኛ የመኮንኖች ፕሮግራም ነው። ሌተናል ኮሎኔልና ከዚያ በላይ የሚያስብ ሰው ይህን በር ማለፍ አለበት። የትኛውም ሙያ ላይ ይሁን።

ከላይ ያለው ወንበር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነም እወቁ። ክንፍ ማለት የአየር ኃይሉ ትልቅ ክፍል ነው፣ «ኤፍ» የሚለውም የክንፉ መጠሪያ እንጂ የአውሮፕላን ዓይነት አይደለም። ክንፎቹ ኤፍ 7 በሶቴነስ፣ ኤፍ 16 በኡፕሳላ፣ ኤፍ 17 በሮነቢ፣ ኤፍ 21 በሉሌኦ ናቸው። ሊንሾፒንግ አጠገብ ማልመን ላይ የሄሊኮፕተር ክንፉ አለ፣ ኡፕሳላ ላይ የአየር ውጊያ ትምህርት ቤቱ። ክንፍ የሚመራው ኮሎኔል ነው። ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት፤ በእጅ ጣት ያልቃል። የአየር ኃይሉ አዛዥ ደግሞ ሜጀር ጄኔራል ነው፣ ወንበሩ ላይም ብዙ አይቆይም። ሚካኤል ቢዴን ከ2012 እስከ 2015፣ ማትስ ሄልገሶን እስከ 2019፣ ካርል ዩሃን ኤድስትረም እስከ 2022 መሩት፣ ከዚያ ዩናስ ቪክማን ተረከበ።

በምን እንመዝናቸው?

ትምህርቱ በነፃ ነው፣ ደመወዙም ከሙያ ሙያ ብቻ ሳይሆን ከሰው ሰው በድርድር ይለያያል። ስለዚህ እዚህ ላይ በጀት ማለት ገንዘብ አይደለም፤ ዓመት ነው። ስንት ዓመት ትከፍላላችሁ፣ ምን ታገኛላችሁ? እኔ የምመዝንባቸው ስድስት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

- የመግቢያ ማጣሪያው ምን ያህል ጠባብ ነው?
- ሥራው ላይ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል?
- ጣሪያው የት ነው?
- ኑሮው የት ነው፣ ቤተሰብስ ይይዛል?
- ሰውነት ቢከዳ ምን ይተርፋል?
- ከሠራዊቱ ብትወጡ ውጭ የሚፈልገው አለ?

የመጨረሻው ጥያቄ ለቅንጦት አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስዊድን ሠራዊቷን ስትቀንስ ኤንግልሆልም የነበረው ኤፍ 10 በ2002፣ የኡፕሳላው ኤፍ 16 በ2003፣ ኤስተርሹንድ የነበረው ኤፍ 4 በ2005 ተዘጉ። እዚያ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አስገብቶ የተቀመጠ መኮንን ወይ ዕቃውን ጭኖ ሄደ ወይ ሙያ ቀየረ። ዛሬ ነፋሱ ተቀይሯል። ኤፍ 16 በ2021 እንደገና ተከፍቷል፣ አገሪቱ በመጋቢት 2024 ኔቶ ገብታለች፣ አየር ኃይሉም ሰው ይፈልጋል። ግን የመኮንን ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ነው፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ደግሞ ፖለቲካ ስንቴ ይገለበጣል።

1. የተዋጊ አብራሪ

ማጣሪያው ከሁሉም ጠባብ ነው። የአካል ምርመራ፣ የሥነ ልቦና ፈተና፣ የቅልጥፍና መለኪያ አለው፤ ጎበዝ ተማሪ መሆን ብቻውን አያስገባም። የመኮንን ትምህርቱ፣ የበረራ ትምህርት ቤቱ፣ ከዚያም ሶቴነስ ላይ የሚሰጠው የግሪፐን (የስዊድን ተዋጊ ጄት) ሥልጠና ሲደመር ከአምስት ዓመት በላይ ይሄዳል። በየመንገዱ የሚቀነስ ሰው አለ።

ጣሪያው ክፍት ነው። ቪክማን ራሱ የግሪፐን አብራሪ ነበር። ከ1994 እስከ 2000 የመላው ሠራዊት ጠቅላይ አዛዥ የነበረው ኡቬ ቪክቶሪንም አብራሪ ነው። አብራሪ የበረራ ቡድኑን ሲመራ ሁሉም ያየዋል፣ ስሙ ቶሎ ይታወቃል። ይህን ጥቅም መካድ አይቻልም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አብራሪ በበረራ ችሎታው ጫፍ ላይ በሚደርስበት ዕድሜ፣ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ፣ የስታፍ ትምህርትና የቢሮ ጠረጴዛ ይጠሩታል። ሰማዩን የወደደ ሰው እዚያ ላይ ልቡ ለሁለት ይከፈላል። መብረሩን ልቀጥል ያለ ሻለቃ ላይ ሊቆም ይችላል። መሰላሉን ልውጣ ያለ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ከፍሎ ያገኘውን ኮክፒት ይሰናበታል። ሁለቱም የተከበረ ምርጫ ነው፤ ብቻ በሃያ ዓመታችሁ ይህ ቀን እንደሚመጣ እያወቃችሁ ግቡ።

ሰውነት ቢከዳስ? አንገት፣ ጀርባ፣ ጆሮ፣ ዓይን፣ አንዱ ከታወከ ጄት የለም። መኮንንነቱ ግን ይቀራል፤ ወደ ዕቅድ፣ ወደ ሥልጠና፣ ወደ ዘመቻ ክፍል መዛወር ይቻላል። ውጭ አየር መንገዶች አሉ፣ ግን የሲቪል ፈቃድ ለብቻው መሟላት አለበት።

2. የሄሊኮፕተር አብራሪ

ይህኛው ተገቢውን ትኩረት አያገኝም። ቢዴን የሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር፣ የሄሊኮፕተር ክንፉንም መርቷል። ከዚያ የአየር ኃይሉ አዛዥ፣ ከ2015 እስከ 2024 ደግሞ ሙሉ ጄኔራል ሆኖ የመላው ሠራዊት ጠቅላይ አዛዥ። «ተዋጊ ጄት ያላበረረ ጫፍ አይደርስም» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ምክንያቱም አለ። የሄሊኮፕተር ክንፉ በ1998 የተመሠረተው የምድር ጦሩን፣ የባሕር ኃይሉንና የአየር ኃይሉን ሄሊኮፕተሮች በማዋሐድ ነው። እዚያ ያደገ መኮንን ገና ሻምበል ሳለ ከእግረኛ ጦርና ከመርከበኞች ጋር ይሠራል። ብላክ ሆክ የተባሉት ሄሊኮፕተሮች በ2013 አፍጋኒስታን ቁስለኛ ለማውጣት ተልከዋል። ሦስቱንም ጦር በቋንቋቸው ማናገር የሚችል ሰው ለጋራ አዛዥነት ይፈለጋል።

ማጣሪያው ጠባብ ነው፣ ከጄቱ ግን ቀለል ይላል። ውጭ ደግሞ የአምቡላንስ ሄሊኮፕተርና የነፍስ አድን ሥራ አለ። ኑሮው ማልመን፣ ሉሌኦ ወይም ሮነቢ ነው።

3. የአየር ውጊያ ተቆጣጣሪ

ብርሃኑ የተቀነሰ ክፍል። ፊት ለፊት የራዳር ስክሪን፣ ጆሮ ላይ ማዳመጫ። ስክሪኑ ላይ የምትንቀሳቀስ አንዲት ምልክት አለች፣ ከኋላዋ ደግሞ ሰው አለ። ተቆጣጣሪው ለአብራሪው አቅጣጫ፣ ከፍታና ርቀት በአጭር በአጭሩ ይነግረዋል። አብራሪው የሚያየው የራሱን ጥግ ነው፤ ሙሉውን ሰማይ የሚያየው ተቆጣጣሪው ነው።

ለከፍተኛ መኮንንነት ከዚህ የተሻለ የወጣትነት ትምህርት ቤት የለም ብዬ አምናለሁ። በሃያ አምስት ዓመታቸው ስለ አንድ አውሮፕላን ሳይሆን ስለ ጠቅላላው ውጊያ ያስባሉ። የስታፍ ሥራ ማለት ይኸው ነው። በዚያ ላይ ዘርፉ እያደገ ነው። ስዊድን ሁለት የራዳር አውሮፕላኖቿን ለዩክሬን እንደምትሰጥ በ2024 አስታውቃለች፣ ለራሷም ግሎባልአይ የተባሉትን አዳዲሶች አዝዛለች። ኔቶ ውስጥ ደግሞ የአየር ሥዕሉን፣ ማለትም ራዳሮች ሰማይ ላይ የሚያዩትን፣ ከኖርዌይ፣ ከዴንማርክና ከፊንላንድ ጋር ማጋራት የየዕለት ሥራ ሆኗል። የአራቱ አገሮች የአየር ኃይል አዛዦች እንደ አንድ ኃይል አብሮ ለመሥራት የፈረሙት በ2023 ነው።

ድክመቱን አልደብቅም። ፈረቃው ከባድ ነው፣ ገናም ፋሲካም አይመርጥም። የአብራሪውን ያህል ስም አይሰጥም። ግን መነጽር የሚያደርግ ወይም ጀርባው የሚያመው ልጅ እዚህ ቦታ ያገኛል፣ ሥልጠናውም ከአብራሪው ያጥራል። ከሠራዊቱ ቢወጣ የሲቪል አየር ትራፊክ ቁጥጥር ቅርብ ጎረቤት ነው፤ የራሱን ሥልጠና ግን ይጠይቃል።

4. የጥገናና የሎጂስቲክስ መኮንን

የአውሮፕላን ጥገና ክፍልን፣ የነዳጅና የመሣሪያ አቅርቦትን፣ የአየር ጣቢያውን ጥበቃ የሚመራው ነው። ሰው የማስተዳደር ልምድ ከሁሉም ቀድሞ የሚገኘው እዚህ ነው። አንድ ወጣት መቶ አለቃ ብዙ ሰው ይይዛል፤ የዚያው ዕድሜ አብራሪ ገና ራሱን እያሠለጠነ ነው።

ወደ ኮሎኔልነት የሚወስድ መንገድ አለው። የአየር ኃይሉ አዛዥ ወንበር ግን ለበረራ ሰው ያደላል፣ ይህን አውቆ መግባት ይሻላል። ከአየር ኃይሉ ወጥቶ በጋራ መሥሪያ ቤቶች ማደግም አለ። በአየር ኃይሉ ያደገችው ሜጀር ጄኔራል ሌና ሃሊን በ2019 የወታደራዊ መረጃና ደኅንነት ኃላፊ ሆናለች። ሴት ልጅ ላላችሁ፦ ስዊድን ውስጥ ሁሉም የውትድርና ሙያ ከ1989 ጀምሮ ለሴቶች ክፍት ነው፣ ተዋጊ ጄቱም ጭምር።

5. ስፔሻሊስት መኮንን

ይህ ሁለተኛው መሰላል ነው። ሥልጠናው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ነው፣ ቴክኒሻኖቹ የሚማሩት ሃልምስታድ ባለው የሠራዊቱ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። በሃምሳ አለቃ ዓይነት ማዕረግ ይጀምራል።

ሥራውን በቅርብ እንየው። ግሪፐን ከአየር ጣቢያ ውጭ፣ ተራ የመኪና መንገድ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ የተሠራ አውሮፕላን ነው። ጫካ ውስጥ ባለ አስፋልት ላይ ያርፋል፣ መኪኖች ከዛፎቹ ሥር ይወጣሉ። አንድ ቴክኒሻንና አምስት ገደማ ወጣት ወታደሮች በ10 ደቂቃ ውስጥ ነዳጅ ሞልተው፣ ሚሳይል አስታጥቀው፣ ፈትሸው ይለቁታል። ያ ቴክኒሻን «ዝግጁ ነው» ካላለ አብራሪውም ኮሎኔሉም አይንቀሳቀሱም።

ጣሪያው ፍሎቲልፈርቫልታሬ ይባላል፣ ከክንፉ አዛዥ ጎን የሚቀመጥ ዋና ባለሙያ ነው። እኛ ሠራዊት ውስጥ የነበረ ሰው ሻለቃ ባሻ ቢባል ክብሩ ይገባዋል። ጄኔራል ግን አይኮንም። በምትኩ ሙያችሁ ላይ ትቆያላችሁ፣ በአንድ ከተማ የመኖር ዕድላችሁ ሰፊ ነው፣ ከወጣችሁም ሳብን የመሰለ ፋብሪካና የአየር መንገድ ጥገና ክፍሎች አሉ። ቀልቡ እጁ ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ «ለምን ትልቁን አትሞክርም?» ብላችሁ አትግፉት።

ከእነዚህ ሌላ የተጠባባቂ መኮንንነት አለ። የሲቪል ሥራ እየሠሩ በየጊዜው ለልምምድ መጠራት ማለት ነው። ማዕረጉ ላይ ርቆ አይሄድም፣ ግን ሐኪም ወይም መሐንዲስ መሆን ለሚፈልግ ጥሩ መካከለኛ ነው።

በአንድ ዓይን

| መንገድ | ማጣሪያ | ጊዜ | ጣሪያ | ሰውነት ቢከዳ | ውጭ ያለው ገበያ |
|---|---|---|---|---|---|
| ተዋጊ አብራሪ | እጅግ ጠባብ | ከሁሉም ረጅም | እስከ ጄኔራል | በረራው ይቀራል፣ ማዕረጉ አይቀርም | አየር መንገድ፣ በተጨማሪ ፈቃድ |
| ሄሊኮፕተር አብራሪ | ጠባብ | ረጅም | እስከ ጄኔራል | ከላይኛው ጋር አንድ ነው | ነፍስ አድን፣ አምቡላንስ |
| ተቆጣጣሪ | መካከለኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ብዙም አይጎዳም | የአየር ትራፊክ፣ በተጨማሪ ሥልጠና |
| ጥገናና ሎጂስቲክስ | መካከለኛ | መካከለኛ | ኮሎኔል፣ አልፎ አልፎ በላይ | አይጎዳም | ሰፊ |
| ስፔሻሊስት | ቀለል ያለ | አጭር | ፍሎቲልፈርቫልታሬ | እንደ ሥራው | ከሁሉም ሰፊ |
| ተጠባባቂ | መካከለኛ | አጭር | ውስን | የሲቪል ሥራው አለ | የራሱ ሙያ |

ለማን የቱ?

አብራሪነት ብቻ ነው የሚታየኝ ካላችሁ ሞክሩ፤ ግን ማመልከቻው ላይ ሁለተኛ ምርጫ ጻፉ። ሁለተኛ ምርጫው ተቆጣጣሪነት ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ያው ሰማይ ነውና።

ዓላማችሁ ማዕረግ ከሆነ፣ በግልጽ ለመናገር፣ ከስቶክሆልም አልወጣም ማለት አይሠራም። ሉሌኦ ክረምቱን ማሳለፍ ይኖራል፣ ኡፕሳላ ባለው የአየር ኃይል ስታፍ ወይም ስቶክሆልም ባለው ዋና መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ይኖራል፣ ምናልባት ውጭ አገር ኔቶ ጋር ወይም ኤምባሲ። ይህን ከትዳር ጓደኛ ጋር ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ቤተሰብ አጠገብ መሆን፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ መስጊድ ሳይጎድል መኖር የሚበልጥባችሁ ከሆነ ስፔሻሊስትነት ወይም ተጠባባቂነት ይሻላችኋል።

ዓመት መክፈል የማይችል፣ ቶሎ ደመወዝ ይዞ ቤተሰብ መርዳት ያለበት ልጅም አለ። ለእሱ የመጀመሪያው መልስ ስፔሻሊስት ነው። ዲግሪውን የያዘ ሰው ደግሞ አጭሩን የመኮንን ሥልጠና ይጠይቅ።

ሳትረሱ

መኮንን ለመሆን የስዊድን ዜግነት ግድ ነው። ወረቀቱ ያልተጠናቀቀለት ልጅ መጀመሪያ እሱን ይጨርስ። ቀጥሎ የደኅንነት ማጣሪያ አለ፣ እሱም ጠንከር ያለ ነው። የጥንካሬው ምክንያት አየር ኃይሉ ራሱ የቀመሰው ነገር ነው። ኮሎኔል ስቲግ ቬነርስትረም በሞስኮና በዋሽንግተን የአየር አታሼ (ኤምባሲ ውስጥ የአየር ኃይሉ ወኪል) የነበረ፣ ሁሉም የሚያምነው ከፍተኛ መኮንን ነበር፤ በ1963 ለሶቪየት ወታደራዊ ስለላ ሲሠራ መኖሩ ተደርሶበት ተያዘ፣ ዕድሜ ልክም ተፈረደበት።

ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ዕዳ፣ ስለ ጓደኛ፣ ውጭ አገር ስላለ ዘመድ ይጠየቃል። አዲስ አበባ አያት መኖር፣ ለአክስት ገንዘብ መላክ ወንጀል አይደለም። የሚጎዳው መደበቅ ነው። ልጃችሁ ማንን እንደሚያውቅ፣ ለማን እንደሚልክ፣ መቼ ወደ አገር ቤት እንደሄደ በግልጽ ይናገር። የአሥራ ስምንት ዓመቱ መጠይቅ ላይም ስለ ጤናና ስለ ፍላጎት የሚሞላውን እናንተ አትሙሉለት። እሱ ይሙላው፣ እናንተ አጠገቡ ተቀመጡ፣ አየር ኃይል ከፈለገም የቱን ሙያ እንደሚመርጥ ከመላኩ በፊት ይንገራችሁ።